የግራው ወንበር

ኪዳነወልድ በየማለዳው ከመኪናው የፊት ጎማ ሥር ድንጋዩን ይነቅላል። በእግሩ ወደ አጥሩ ገፋ ያደርገውና በቀኝ በኩል ባለው በር ዘሎ ገብቶ የእጅ ፍሬኑን ይለቅቃል። የእጅ ፍሬኑ ያለ ድንጋዩ መኪናዋን ይዞ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ስለሆነ መፍጠን አለበት። መኪናዋ ሞተሯ ሳይነሳ ሐኪም ጋራ የሚባለውን ተራራ ቁልቁለት በዝምታ ትይዛለች። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ግራ እግሩን ፍሪሲዮኑ ላይ እንደ ጫነ የቁልቋሉ አጥር ጋ እስክትደርስ ይጠብቅና እዚያ እግሩን ያነሳል። መኪናዋ አንድ ጊዜ ትናወጣለች፣ ታስላለች፣ ትነሳለች። ቁልቋሉ ጋ እንቢ ካለች ዝቅ ብሎ አንድ ሌላ ዕድል አለ። ከዚያ በታች መንገዱ ሜዳ ነው።

መኪናዋ የእንግሊዝ ሥሪት ናት፤ ሐረር ውስጥ ሰው ሁሉ ጂፕ ይላታል። ኪዳነወልድ በሹፌርነት ያገለግልበት የነበረ አንድ መሥሪያ ቤት ለዓመታት በገጠር መንገድ ካንገላታት በኋላ በሐራጅ ሸጣት። ሌሎቹ ተጫራቾች የሞተሩን ክዳን ከፍተው አይተው ሄዱ፤ ኪዳነወልድ ሳይከፍት ገዛ። ሞተሩን በቁልፍ የሚያስነሳው ዕቃ፣ ሞተሪኖው፣ በዓመቱ ሞተ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ወራት ከፊት በማንቬላ እያሽከረከረ ያስነሳት ነበር። አንድ ጠዋት ማንቬላው ተመልሶ መትቶ አውራ ጣቱን ሰበረው። ከዚያ ወዲህ የምትነሳው በቁልቁለት ብቻ ነው።

ቤቱንም የተከራየው ለዚሁ ነው። ሰው ቤት ሲከራይ ስለ ውሃውና ስለ ጎረቤቱ ይጠይቃል፤ ኪዳነወልድ ከበሩ ፊት ያለውን መንገድ ወርዶ ወጥቶ አየና ተስማማ። የተወለደው ከተማው መሀል ነው። አያቱ ከሸዋ ከመጡት ወታደሮች አንዱ ነበሩ፤ ዘመዶቹ ሁሉ እስካሁን በአባቶቻቸው ግቢ ተጠጋግተው ይኖራሉ። ሚስቱ ሥራዬ በ1951 ዓ.ም. ሞተች፤ ልጅ አልነበራቸውም። ሐኪም ጋራ ላይ ጎረቤቶቹ ጫት የሚያለሙ ገበሬዎች ናቸው፤ ሲያልፍ እጃቸውን ያነሳሉ፣ እሱም ያነሳል።

በሄደበት ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው ተዳፋት ነው። ምሳ የሚበላበት ቤት የተመረጠው ምግቡ ጥሩ ስለሆነ ሳይሆን ደጁ ቁልቁለት ስለሆነ ነው። የእህቱ የለተማርያም ቤት ደግሞ ሜዳ ላይ ነው። አንድ የመስቀል ዕለት በመኪናው ሄዶ፣ ሊመለስ ሲል እንግዶቹ ነጭ ልብሳቸውን ሰብስበው መግፋት ግድ ሆነባቸው። የለተማርያም ባል ለገሠ ከኋላ ሆኖ፣ «እንግዲህ ያ ሁሉ ዶሮ ለምን እንደታረደ ገባኝ! የጉልበት ዋጋ ኖሯል!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ኪዳነወልድም መሪው ላይ ሆኖ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ወደ እህቱ ቤት የሄደው ለቅሶ ሲኖር ብቻ ነው። በእግሩ መሄድ ይችል ነበር፤ አልሄደም።

በ1956 ዓ.ም. መንግሥት ተሽከርካሪ ሁሉ በቀኝ በኩል እንዲሄድ አዘዘ። እስከዚያ በግራ ይኬድ ስለነበር መሪ በቀኝ መሆኑ ለማንም ችግር አልነበረም። ከአዋጁ በኋላ ግን ኪዳነወልድ የተቀመጠው ከመንገዱ ጥግ በኩል ሆነ። ከፊቱ የጭነት መኪና ሲኖር የሚታየው የጭነት መኪናው ጀርባና የዳር ቁጥቋጦ ነው። ለመቅደም ወደ ግራ መውጣት አለበት፤ ከፊት የሚመጣ መኪና መኖር አለመኖሩን ሊያይ የሚችለው ግን በግራው ወንበር የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው።

ጋራዡ ከአሮጌው የከተማ ግንብ ውጭ የሆነው መካኒክ ኢስሓቅ ሐረሪ ነው፤ መኪናዋን ከነጉድፏ ያውቃታል።

«መሪዋን ወደ ግራ ማዞር ስንት ይፈጃል?» ሲል ኪዳነወልድ ጠየቀው።

«መሪው ብቻ መሰለህ? ፔዳሉ አለ፣ የመሪው ሳጥን አለ፣ ይኸ ሁሉ ቆርቆሮ ተቆርጦ እንደገና ይበየዳል። ወላሂ በዚያ ገንዘብ የሌላ መኪና ግማሽ ትገዛለህ።»

«ግማሹን እየነዳሁ ልሂድ?»

«አሁን ከምትነዳው ይሻላል» አለ ኢስሓቅ።

መሪው በቀኝ እንደሆነ ቀረ። እንግዲህ የሚያስፈልገው የሰው ዓይን ነበር። ኪዳነወልድ ከግንቡ በሮች አንዱ ከሆነው ከኤረር በር ደጅ ተሳፋሪ እየጫነ ወደ ባቢሌ ይመላለሳል፤ መንገዱ ከጅጅጋ በሚመጡና ወደዚያ በሚሄዱ የጭነት መኪኖች የሚዘጋበት ጊዜ አለ። በግራው ወንበር ብዙ ሰው ሞከረ። ከከተማው ሳይወጡ የሚተኙ ነበሩ። አንድ የቆዳ ነጋዴ መንገዱ ባዶ ሲሆንም ሲሞላም «ቆይ» ይል ነበር። አንድ አስተማሪ ደግሞ «እርስዎ ያውቃሉ» ብሎ መጽሐፉን ማንበብ ቀጠለ።

ወይዘሮ ዐይሻ የመጡት በ1957 ነው። ከግንቡ ውስጥ፣ ከኤረር በር ብዙ ሳይርቅ የሚኖሩ፣ በዕድሜ ከኪዳነወልድ የሚበልጡ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። ሰኞና ሐሙስ ባቢሌ ወርደው ኦቾሎኒ በጆንያ ይገዙና ቤታቸው ቆልተው ይሸጣሉ። በቤታቸው የራሳቸውን ቋንቋ፣ በገበያ አማርኛ ይናገራሉ። ከኋላ ባለው አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ ስለሚያቅለሸልሻቸው የፊቱን ወንበር ጠየቁ። መንገድ ላይ ካለችው ከቢሲዲሞ በታች አንድ የጭነት መኪና ኋላ ሲደርሱ ኪዳነወልድ ከሞተሩ ጩኸት በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እባክዎ ይዩልኝ!» አላቸው። ወይዘሮ ዐይሻ ዞር ብለው አዩት፤ በቁም ነገር ራሳቸውን ነቀነቁ። ኪዳነወልድ ማርሹን ቀንሶ ተዘጋጀ። ትንሽ ቆይተው «ቢስሚላህ» አሉ። ወጣ። መንገዱ ባዶ ነበር።

ቀጥሎ ሌላ የጭነት መኪና አቀበት ላይ እያቃሰተ ሲሄድ አገኙ። ወይዘሮ ዐይሻ በዚህ ጊዜ «አስተግፊሩላህ»፣ አላህ ይማረኝ እንደ ማለት፣ አሉ። ኪዳነወልድ ከኋላው ቆየ። ወዲያው ከላይ አንድ አውቶቡስ ወርዶ አለፋቸው። ኪዳነወልድ ነገሩ ገባው፤ ቢስሚላህ ሲባል ውጣ፣ አስተግፊሩላህ ሲባል ቆይ ነው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ምልክት አላስፈለገውም።

እንዲህ ሆነው ስድስት ዓመት ሄዱ። በመንገድ ላይ ብዙ አያወሩም፤ መኪናዋ አታስወራም። ሦስተኛው ማርሽ ሳይታሰብ ስለሚወጣ ኪዳነወልድ አንድ እጁን እሱ ላይ እንደጫነ ይነዳል። ወይዘሮ ዐይሻ «ሾፌር» ይሉታል፣ ሲደርሱ «አላህ ይስጥህ» ይሉታል፤ ይኸው ነው። እሱ ግን ማታ ብቻውን እራት ሲበላ፣ «ዛሬ ሁለት ቀደምን» ብሎ ያስብ ነበር። ቀደምሁ አይልም። ሥራዬ ከሞተች ወዲህ ስለ ራሱ ሲያስብ «እኛ» የሚልበት ሌላ ነገር አልነበረውም።

ሰኞና ሐሙስ ያንን ወንበር ለማንም አይሰጥም። አንድ ሐሙስ አቶ ዓለሙ የሚባሉ የእህል ነጋዴ ገንዘባቸውን አስቀድመው በሩን ከፈቱ።

«ተይዟል» አላቸው።

«በማን? ሰው አላይበትም።»

«የምትመጣ ሰው አለች።»

«ሙሽራ ናት?»

በዚህ መሀል ወይዘሮ ዐይሻ ባዶ ጆንያዎቻቸውን አጣጥፈው በብብታቸው ይዘው በኤረር በር ወጡ። አቶ ዓለሙ አዩአቸው፤ ኪዳነወልድንም አዩት።

«ሙሽራዋስ ከተዳረች ቆይታለች» አሉና እየሳቁ ወደ ኋላው አግዳሚ ወጡ።

«ምን አለ ሰውዬው?» አሉ ወይዘሮ ዐይሻ።

«ምንም፤ ሰላምታ ነው።»

በ1963 ዓ.ም. የበጋ ወራት ፍሬኑ መታመም ጀመረ። አንድ ጊዜ ሲረገጥ እግር እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ በሁለተኛው ነው የሚይዘው። ኢስሓቅ ከሥር ገብቶ አየና የፊቱ ጎማ ፍሬን ዘይት እንደሚያፈስ፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ መምጣት እንዳለበት ነገረው።

«እስኪመጣ እዚሁ ትቁም» አለ።

«ስንት ጊዜ?»

«ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት። አላህ ያውቃል።»

«አይሆንም።»

«ኪዳኔ፣ እኔ ስለ ፍሬን ነው የምነግርህ። ስለ ቀለም አይደለም።»

«ሁለት ጊዜ ስረግጠው ይይዛል።»

«ሁለተኛውን የምትረግጥበት ጊዜ ካገኘህ» አለ ኢስሓቅ እጁን እየጠረገ።

ኪዳነወልድ ገንዘቡ ሳይኖረው ቀርቶ አይደለም። ያን ሰሞን አንድ አዲስ አውቶቡስ ከኤረር በር ደጅ መጫን ጀምሮ ነበር፤ የፊት ወንበሮቹ ሰፋፊ ናቸው። መኪናዋ ሦስት ሳምንት ብትቆም ወይዘሮ ዐይሻ በአውቶቡሱ ይሄዳሉ፤ አንዴ ከለመዱት ደግሞ አይመለሱም ብሎ ፈራ። ስለዚህ ፍሬኑን ሁለት ሁለት ጊዜ እየረገጠ ቀጠለ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ሐሙስ በወይዘሮ ዐይሻ ቤተሰብ ሰርግ ተደገሰ። እሳቸው ሊቀሩ ስላልቻሉ በፈንታቸው የወንድማቸውን ልጅ መብሩካን ላኳት። መብሩካ ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት፤ በመኪና ብዙ አልሄደችም። ኪዳነወልድ የፊቱን በር ራሱ ከፈተላት። ከኋላ አምስት ሰው ነበር።

ቢሲዲሞን እንዳለፉ ማሽላ የጫነ መኪና ኋላ ደረሱ። «ይዩልኝ» አላላትም፤ የወይዘሮ ዐይሻ ሰው ስለሆነች የምታውቅ መሰለው። እንደ ልማዱ ማርሹን ቀንሶ ጠበቀ። መብሩካ ወደ ፊት ስትመለከት ከጅጅጋ በኩል የሚመጣውን አውቶቡስ አየች። ማንኛዋም የሐረር ልጅ ስትደነግጥ የምትለውን አለች።

«ቢስሚላህ!»

ኪዳነወልድ ወጣ።

አውቶቡሱን ሲያየው እሱ ከጭነት መኪናው ጎን ደርሶ ነበር። ወደ ኋላ ለመቅረት ፍሬኑን ረገጠ፤ እግሩ እስከ ወለሉ ወረደ። ሁለተኛ መርገጥ ትቶ መሪውን ወደ ግራ ሰበረና የአውቶቡሱን አፍንጫ አቋርጦ ከመንገዱ ወጣ። መኪናዋ እሾሁን ጥሳ አንድ ኩይሳ ላይ ወጥታ ቆመች። ራዲያተሩ ተቀደደ፣ የፊት ባሌስትራው ተሰበረ። የመብሩካ ክንድ ተሰበረ። ከኋላ የነበሩት ከመቧጨር በላይ አልሆኑም። የማሽላው መኪና ሹፌር ወርዶ መጥቶ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህን ምን ነካው?» አለው።  የኪዳነወልድ ሁለት እጅ ገና መሪው ላይ ነበር።

ጉዳዩን የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጨረሱት። የወጌሻውን ኪዳነወልድ ከፈለ። መኪናዋ ተጎትታ ኢስሓቅ ጋራዥ ገባች። ኢስሓቅ ዞሮ ዞሮ አያትና አሮጌ ሳጥን ላይ ተቀመጠ።

«ባሌስትራ፣ ራዲያተር፣ የፊት አክሰል መቅናት አለበት፣ ፍሬኑም አለ። ከዋጋዋ ይበልጣል። እኔን ብትሰማኝ ለዕቃዎቿ ልግዛህና ገላግላት።»

«መቼ ያልቃል?»

«ሰው ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል እንጂ!»

«ስንትም ይሁን። መቼ ያልቃል?»

ኢስሓቅ ቀኑን ነገረው። ኪዳነወልድ በየቀኑ ከሐኪም ጋራ በእግሩ እየወረደ፣ እየተሠራች ያለችውን መኪና ቆሞ እያየ ይውል ጀመር። ዕቃ ያቀብላል። የሚጠብቀው ግን ሌላ ነበር። ወይዘሮ ዐይሻ ከአደጋው ወዲህ አንድም ቃል አልላኩበትም።

በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ መጡ። በጋራዡ በር ቆመው ኢስሓቅን በቋንቋቸው ሰላም አሉና ወደ ኪዳነወልድ ዞሩ።

«ሾፌር፣ ደህና ነህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ልጅቷስ?»

«ክንዷ ታስሯል። አልሐምዱሊላህ፣ ከዚህ የባሰም ነበር። እኔ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። አውቶቡሱን አላየኸውም?»

«ከእኔ በኩል አይታይም።»

«ታዲያ ሳታይ ትወጣለህ?»

«ቢስሚላህ አለችኝ።»

«እና?»

«ቢስሚላህ ከተባለ መንገዱ ነጻ ነው።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«እርስዎ» አለ ኪዳነወልድ። «ስድስት ዓመት ሙሉ በእርስዎ አይደል እንዴ የምቀድመው? ነጻ ሲሆን ቢስሚላህ፣ መኪና ሲመጣ አስተግፊሩላህ።»

 ኢስሓቅ መዶሻውን አቆመ።

«እኔ መንገድ አይቼ አላውቅም» አሉ ወይዘሮ ዐይሻ ቀስ ብለው። «ቢስሚላህ የምለው ማርሽ ስትቀንስና መኪናዋ ስትጮህ ነው፤ እፈራለሁ። አስተግፊሩላህ የምለው የካሚዮኑ ጭስ ሲያፍነኝ ነው። ገና የመጀመሪያው ቀን ይጸልዩልኝ ብለኸኝ የለም እንዴ? ክርስቲያን ሆኖ ከእኔ ዱዓ የሚጠይቅ ሾፌር አይቼ ስለማላውቅ ደስ ብሎኝ ነበር። እሺ አልሁህ።»

«ይዩልኝ ነው ያልሁት።»

«ምን?»

«ይዩልኝ። መንገዱን።»

ኢስሓቅ ሳቁ አመለጠው፤ ሁለቱንም አየና መለሰው። «ላ ኢላሀ ኢለላህ» አለ። «ስድስት ዓመት በዱዓ ነው የነዳችሁት!»

ያዳናቸው ሌላም ነገር ነበር፤ በዚያ ዘመን የባቢሌ መንገድ አብዛኛውን ሰዓት ባዶ ነው። የጭነት መኪና ደግሞ ብዙ ጭስ የሚያወጣው አቀበት ላይ፣ መቅደም በማይገባበት ቦታ ነው። ኪዳነወልድ ይህን በኋላ ለብቻው ሲሆን አስቦ ደረሰበት። ያን ጊዜ ግን ያሰበው ሌላ ነበር።

«መኪናዋ ልታልቅ ነው» አለ። «ሰኞ ይመጣሉ?»

ወይዘሮ ዐይሻ የሻሻቸውን ጫፍ አስተካከሉ።

«ምን እያልሁ ልቀመጥ? ቢስሚላህ ብል ትወጣለህ። ሳልል ደግሞ መንገድ አልሄድም።»

«አልወጣም። እንደፈለጉ ይበሉ፤ እኔ አልቀድምም።»

«አንተ አትወጣ ይሆናል፤ እግርህን ግን ማን ይይዘዋል? ስድስት ዓመት የለመደ እግር ነው። እኔም አፌን በከፈትሁ ቁጥር አንተን ልመለከት ነው። የአላህን ስም እየፈራሁ ልጥራ?»

«ከኋላ ይቀመጡ። ከኋላ ድምፅ አይሰማኝም።»

«ከኋላ ያቅለሸልሸኛል።»

«አውቃለሁ» አለ ኪዳነወልድ።

 ኢስሓቅ ሥራ ያለው መስሎ ወደ መኪናዋ ሥር ገባ።

«ፍሬኗን ግን አሠራላት» አሉ ወይዘሮ ዐይሻ ሲሄዱ። «ለብቻም ቢሆን ፍሬን ያስፈልጋል።»

ኪዳነወልድ ፍሬኗን አሠራ። ኢስሓቅ መሪውንም ወደ ግራ ስለማዞር አንሥቶ፣ አሁን ሁሉም ተፈትቶ ሳለ ዋጋውን እንደሚቀንስለት ነገረው፤ ኪዳነወልድ ተወው አለ። ሰኞ ጠዋት ኤረር በር ደጅ ሲደርስ አውቶቡሱ ሞልቶ ሊነሳ ነበር፤ ከፊት በኩል ወይዘሮ ዐይሻ ጆንያዎቻቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሰላም ተባባሉ። አንዲት የጨርቅ ነጋዴ የኪዳነወልድን የፊት በር ከፍታ፣ «እዚህ ሰው አለበት?» አለችው። የለበትም አላት። ተቀመጠች፤ ስለ ጨርቅ ዋጋ አወራችው፤ ምንም እንድታይለት አልጠየቃትም። ከቢሲዲሞ በታች አንድ ጨው የጫነ መኪና ኋላ ደረሱና እስከ ባቢሌ ድረስ ተከትለውት ሄዱ።